ውጭ አገር የነገረ መለኮት ኮሌጅ ኑሮ፦ ድሬዳዋ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ልጃቸው፣ ወንድማቸው ወይም የመዘምራን ጓደኛቸው ለነገረ መለኮት ትምህርት ውጭ አገር ሊሄድ የተነሣ የድሬና የሐረር ሰዎች የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤያለሁ፤ እኔ የተማርኩት እንግሊዝ አገር ስለሆነ አብዛኛው መልስ የዚያው አገር ነው።

የነገረ መለኮት ኮሌጅ ምን ዓይነት ቦታ ነው? ገዳም ነው ወይስ ዩኒቨርሲቲ?

ገዳምም አይደለም፣ ተራ ዩኒቨርሲቲም አይደለም። ክፍል፣ ላይብረሪ፣ ፈተናና ዲግሪ አለ። ጎን ለጎን ደግሞ ጸሎት ቤት አለ፣ የጋራ ማዕድ አለ፣ ተማሪና መምህር በየቀኑ የሚገናኙበት ሥርዓት አለ። ብዙዎቹ ትንንሽ ናቸው። ሰው በስም ይተዋወቃል፤ የቀረም ሰው ወዲያው ይታወቃል።

ለኛ አገር ሰው ይህ መንገድ አዲስ አይደለም። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የመለሱት ኦኔሲሞስ ነሲብ እ.ኤ.አ. በ1876 ስዊድን ሄደው ዮሐነሉንድ በሚባለው የነገረ መለኮት ተቋም ተምረዋል፤ ሙሉው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ታተመ። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳም ከ1963 እስከ 1966 አሜሪካ ሚኒሶታ በሚገኘው ሉተር ሴሚናሪ ተምረው ነው የተመለሱት።

ሁሉም ቄስ ወይም ፓስተር ሊሆን ነው የሚገባው?

አይደለም። ለአገልግሎት የሚሾሙ አሉ። መምህር፣ ተርጓሚ፣ የሆስፒታል ወይም የእስር ቤት አገልጋይ መሆን የሚፈልጉም አሉ። ጡረታ ወጥተው መጽሐፍ ቅዱስን በደንብ ለማወቅ ብቻ የሚገቡም ታገኛላችሁ።

ትምህርቱ መቼ ይጀምራል፣ መቼ ያልቃል?

እንግሊዝ ውስጥ ዓመቱ በሦስት ተርም ይከፈላል። የመጀመሪያው ከኛ መስቀል ወዲህ ባሉት ሳምንታት ይጀምርና በታኅሣሥ መጀመሪያ ያበቃል። የኦክስፎርድ፣ የካምብሪጅና የዱራም ዩኒቨርሲቲዎች ይህን ተርም በቅዱስ ሚካኤል በዓል ስም ማይክልማስ ይሉታል፤ በዓሉ በነሱ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 29 ነው፣ ብዙውን ጊዜ መስቀል በዋለ በሁለተኛው ቀን ማለት ነው። ሁለተኛው ተርም በጥር ይጀምራል፣ ሦስተኛው ከፋሲካቸው በኋላ ገብቶ በሰኔ ይዘጋል።

አሜሪካ በሁለት ሴሚስተር ነው የሚሄደው፤ ብዙውን ጊዜ በነሐሴ መጨረሻ ወይም ከኛ አዲስ ዓመት ጋር ተጠግቶ ይጀምርና ምረቃው ግንቦት ላይ ይሆናል። አውስትራሊያ ደግሞ ይገለበጣል። ዓመቱ በየካቲት አካባቢ ጀምሮ በኅዳር ያልቃል፣ ገናም በበጋ ሙቀት ይመጣል። ስለዚህ ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት አገሩን ብቻ ሳይሆን የኮሌጁን የዓመት መርሐ ግብር እዩ።

አንድ ቀን እንዴት ያልፋል?

ጠዋት በጸሎት ይጀመራል። በአንግሊካን (የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን) ኮሌጆች መዝሙረ ዳዊት በግራና በቀኝ በተቀመጡት መካከል በቅብብል ይነበባል፣ ከብሉይና ከሐዲስ ይነበባል፣ ከዚያ ጸጥታ ይሆናል። ጸጥታው መጀመሪያ ይከብዳል። እኛ ያደግንበት ጸሎት ድምፅ አለው፣ እንባ አለው፣ ከወንበር መነሣት አለው። እዚያ ክፍል ሙሉ ሰው ተቀምጦ የሚሰማው የግድግዳው ሰዓት ነው። አይጸልዩም ብላችሁ አትደምድሙ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ያ ጸጥታ ውስጥ ምን እንዳለ ይገባችኋል፤ እኔ ዛሬም ይናፍቀኛል።

ቀጥሎ ክፍል፣ ከዚያ ምሳ። ምሳው ላይ ጠበቅ አድርጌ ልናገር፦ ምሳው የትምህርቱ አካል ነው። ጠረጴዛው ረጅም ነው፤ የምትቀመጠው ቦታ ባለበት ነው። ዛሬ የብሉይ ኪዳን መምህሯ አጠገብ፣ ነገ ከናይጄሪያ የመጣ ቄስ አጠገብ፣ ከነገ ወዲያ የቀድሞ ነርስ አጠገብ። «እንግሊዝኛዬ ይስተካከልና እቀላቀላለሁ» ብሎ ሳንድዊቹን ይዞ መኝታ ክፍሉ የሚገባ የኛ ልጅ ብዙ ነው። እንግሊዝኛው የሚስተካከለው እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው። ክፍሉ የተቀመጠ ልጅ ዲግሪውን ያገኛል፤ የሄደበትን ግማሽ ግን ሳያገኘው ይመለሳል።

ከሰዓት በኋላ ላይብረሪ ነው። በሳምንት አንድ ምሽት መላው ኮሌጅ፣ ባለትዳሮቹ ከነልጆቻቸው፣ ለአምልኮና ለእራት ይሰበሰባል። ተማሪዎች በትንሽ በትንሽ ቡድን ተከፍለው ከአንድ መምህር ጋር ይጸልያሉ፣ ችግራቸውን ይነጋገራሉ። እሑድ ደግሞ ለአገልግሎት ልምምድ ወደተመደቡበት አጥቢያ ይሄዳሉ።

ልጄ ያን ያህል አገር አቋርጦ ሳህን ሊያጥብ ነው?

ይህን አንዲት እናት ሳቢያን ሰፈር ላይ በጣም ተከፍተው ነው የጠየቁኝ። መልሱ አዎ ነው፤ ብዙ ኮሌጅ ውስጥ የዕቃ ማጠብ፣ ጸሎት ቤት የማዘጋጀት፣ ጊቢ የማጽዳት ተራ አለ። ቅጣት አይደለም፤ ከድሃ አገር ለመጣ ሰው ብቻ የተመደበም አይደለም። የሁሉም ነው።

እኔ በነበርኩበት ኮሌጅ ተራው ሲደርሰው ርእሰ መምህሩም እጅጌውን ሰብስቦ፣ ሽርጡን አስሮ ብርጭቆ ያደርቅ ነበር። አንዱ ያጥባል፣ ሌላው ያለቀልቃል፣ ሦስተኛው በፎጣ ያደርቃል። እጅ ሥራ ላይ ሲሆን አፍ ይፈታል። ስለ መጽሐፈ ኢዮብ ሲከነክነኝ የቆየውን ጥያቄ የጠየቅኩት እዚያ የዕቃ ማጠቢያው ጋ ቆሜ ነው። ክፍል ውስጥ እጅ ማውጣት ይከብደኝ ነበር። መምህሩ ሳህኑን እንደያዘ ቆመና ራሱም በዚያው ጥያቄ እንደሚታገል ነገረኝ። ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር ያጠበበትን የዮሐንስ ወንጌል 13ን ብዙ ጊዜ ሲሰበክ ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ገብቶኝ አያውቅም።

ርእሰ መምህሩን በስሙ መጥራት ነውር አይሆንም?

እዚያ ነውር አይደለም፤ ዶክተርም ፕሮፌሰርም በስሙ ነው የሚጠራው። የድሬ ልጅ እዚህ ላይ ከሌላው ኢትዮጵያዊ ይቀለዋል። እኛ ጋ አንቱታ ብዙም አይዘወተርም፣ ሽማግሌውም «አንተ» ሲባል አይቀየምም። የመጀመሪያውን ኢሜይል ብቻ በማዕረግ ጻፉ፤ እሱ በስሙ ፈርሞ ከመለሰ ከዚያ በኋላ በስሙ ቀጥሉ።

ከገና በፊት ያለው ሽርጉድ ምንድን ነው?

አድቬንት ይባላል። ከዲሴምበር 25 በፊት ያሉት አራት እሑዶች ናቸው። ጸሎት ቤቱ ውስጥ አራት ሻማ የተተከለበት የቅጠል አክሊል ይቀመጣል፤ በየእሑዱ አንድ ይጨመርና ይበራል። በብዙ ቦታ መካከል ላይ ነጭ ሻማ አለ፤ እሱ የሚበራው በልደት ዕለት ነው።

የኮሌጁ ትልቁ ምሽት የካሮል፣ ማለትም የገና መዝሙር ምሽት ነው። ተርሙ ከገና ቀድሞ ስለሚዘጋ ተማሪው ሳይበተን ይደረጋል። ዘጠኝ ንባብ ይነበባል፤ ከአዳም ውድቀት ይጀምርና በነቢያት በኩል አልፎ በዮሐንስ ወንጌል «ቃልም ሥጋ ሆነ» ላይ ይደርሳል። በየንባቡ መካከል ይዘመራል። ይህ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1880 ትሩሮ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ ተጀመረ። በ1918 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት እንዳበቃ የካምብሪጁ ኪንግስ ኮሌጅ ተቀበለው፤ ከዚያ በሬዲዮ አገሩን ሁሉ አዳረሰ። መብራቱ ጠፍቶ እያንዳንዱ ሰው ትንሽ ሻማ ይይዛል። ሰሙ እጅ እንዳያቃጥል ሻማው ክብ ካርቶን ውስጥ ተሰክቶ ነው የሚታደለው። ንባቦቹ ከተለያየ አገር ለመጡ ተማሪዎች ይከፋፈላሉ፤ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ አንብብ ከተባላችሁ እምቢ አትበሉ። አዳራሹ ውስጥ የማይገባቸውን ቋንቋ ሰምተው የሚያለቅሱ ሰዎች አይቻለሁ።

በነገራችን ላይ ኖቬምበር 5 ማታ ትልቅ እሳት ሲነድድ ብታዩ ደመራ አይደለም። በ1605 ፓርላማውን በባሩድ ለማፈንዳት የተጠነሰሰው ሴራ የከሸፈበት መታሰቢያ ነው። ብርድ ነውና ቀረብ ብላችሁ ሙቁ።

ለቁልቢ ይመጣል ወይ?

ታኅሣሥ 19 ብዙውን ጊዜ በነሱ ዲሴምበር 28 ነው፤ ኮሌጁ ዕረፍት ላይ ነው። መምጣት ይችላል፤ የሚያግደው የቲኬቱ ዋጋ ነው። የገና ሰሞን በረራ ውድ ነው። ስኮላርሺፕ ላይ ላለ ልጅ የሐምሌ 19ኙ ይሻላል፤ ረጅሙ ዕረፍት ስለሆነ አንድ ወር ያህል እናንተው ጋ ይቀመጣል።

ካልመጣ ግን ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። በዚያ ሰሞን ጊቢው ባዶ ይሆናል። ወጥ ቤቱ ይዘጋል፣ ኮሪደሩ ይጨልማል። እንግሊዝ ውስጥ ዲሴምበር 25 አውቶቡስም ባቡርም አይሠራም ማለት ይቻላል። እኛ እዚህ ከአዲስ አበባም ከውጭም የመጣ ዘመድ ስናስተናግድ እሱ ብቻውን ሊሆን ይችላል። መምህራንና የአጥቢያው ቤተሰቦች በኅዳር መጨረሻ «ገናን እኛ ጋ አሳልፍ» ብለው ይጋብዛሉ። የኛ ልጅ ይግደረደራል፤ ሦስቴ እስኪለመን ይጠብቃል። እዚያ ሦስቴ የሚለምን የለም። አንዴ ሲጠየቅ «አመሰግናለሁ፣ እመጣለሁ» ይበል። ይህን ከአሁኑ ንገሩት።

የኢትዮጵያ ምሽት አዘጋጅ ቢሉኝ ምን ይዤ ልሂድ?

መባላችሁ አይቀርም። ብዙ ኮሌጅ በዓመት አንዴ የአገራት ማዕድ ያዘጋጃል። በርበሬ፣ ሽሮና ቡና ያዙ። ሥጋና የወተት ውጤት ከኢትዮጵያ ወደ እንግሊዝ ማስገባት ስለማይፈቀድ ቋንጣውንና የእናታችሁን ቅቤ እዚሁ ተዉት። ጫት ደግሞ እዚያ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በሕግ የተከለከለ ዕፅ ነው። ድሬ ላይ እንደ ቀላል ነገር «ይህችን ለእገሌ አድርስልኝ» የሚል ጎረቤት አይጠፋም፤ ውስጡን ሳታዩ ምንም ጥቅል አትቀበሉ።

ቡናው የሐረር ይሁን። ከነገለባው በፀሐይ ስለሚደርቅ የፍራፍሬ ጠረን አለው፤ ፈረንጆቹ ገና ሳይቀምሱት ጠረኑን ብቻ ሰምተው ይጠይቃሉ። ግን መኝታ ክፍል ውስጥ አትቁሉ፣ ዕጣንም አታጭሱ። ጣሪያው ላይ የጭስ መጠቆሚያ አለ። እሱ ጮኸ ማለት መላው ሕንፃ በፒጃማ ውጭ ይሰለፋል፣ የእሳት አደጋ መኪናም ሊመጣ ይችላል። ከኃላፊው ጋር ተነጋግራችሁ ግቢው ውስጥ ደጅ ላይ ቁሉ። እንዲያውም ይበልጥ ያምራል፤ ሰው ጭሱን ተከትሎ ይመጣል። ሦስቱንም ስኒ ጠብቁ። አቦል ጠጥተው ሊነሡ ሲሉ ሁለት ይቀራል በሏቸው፣ ይቀመጣሉ። በችኮላ የሚኖሩ ሰዎችን አንድ ሰዓት ቁጭ ማድረግ ትልቅ ስጦታ ነው።

ጾሜን እንዴት ልጹም?

የኦርቶዶክስ ልጆች ጥያቄ ነው፣ ተገቢም ነው። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል፤ የኮሌጁ የገና ግብዣ ሁሉ የሚደረገው በዚያው ሰሞን ነው። ለወጥ ቤቱ በመጀመሪያው ሳምንት «ቪጋን» (የእንስሳት ውጤት ጭራሽ የማይበላ) ብላችሁ አስመዝግቡ። ቬጂቴሪያን ካላችሁ እንቁላልና አይብ ይመጣል። ዓሣ ከጾም ምግብ እንደማትቆጥሩትም ተናገሩ፤ ብዙዎቹ ዓሣን ከሥጋ ለይተው ያያሉ። በገና ሰሞን የሚታደለው ሚንስ ፓይ ውስጡ ዘቢብና ፍራፍሬ ቢሆንም ሊጡ ብዙ ጊዜ በቅቤ ነው የሚሠራው፣ አንዳንዴም የበሬ ሞራ አለበት።

ግብዣው ላይ ግን አትቅሩ። ሂዱ፣ ተቀመጡ፣ ሰላጣችሁን ብሉ። ለምን እንደምትጾሙ ይጠይቋችኋል፤ ብዙዎቹ ከልባቸው ነው የሚጠይቁት፣ የተረሳ ነገር ስለሚያስታውሳቸው።

ፋሲካ ሲለያይ የቱን ነው የማከብረው?

ሁለቱንም አክብሩ። በ2018 ዓ.ም. የነሱ መጋቢት 27፣ የኛ ሚያዝያ 4 ነው። በ2019 በጣም ይራራቃል፤ የነሱ መጋቢት 19፣ የኛ ሚያዝያ 24። በ2020 ደግሞ ሁለቱም ሚያዝያ 8 ላይ ይገጥማሉ።

የነሱ ጾም የሚገባው ረቡዕ ቀን ነው። ዋዜማው ማክሰኞ እንቁላልና ወተቱ እንዲያልቅ ፓንኬክ ይጋገራል፣ ቅበላ መሆኑ ነው። በማግስቱ ጸሎት ቤት ውስጥ አምና በሆሳዕና ተይዞ የነበረው ዘንባባ ተቃጥሎ አመዱ በግንባር ላይ በመስቀል ምልክት ይቀባል። ካህኑ አፈር መሆንህን፣ ወደ አፈርም መመለስህን አስብ ይላል። የሃያ ዓመት ወጣትም የሰባ ዓመት መምህርም ያንኑ ቃል ተቀብሎ አመዱን ሳይጠርግ ክፍል ይገባል። ጾሙ ራሱ ከኛው ጋር አይወዳደርም፤ አንዱ ቸኮሌት ይተዋል፣ ሌላው ስልክ። ማናቸውንም አትናቁ። ሰሙነ ሕማማት ላይ ብዙ ኮሌጅ ዕረፍት ስለሚሆን ተማሪው ያን ሳምንት በተመደበበት አጥቢያ ያሳልፋል። የኛ ስቅለት ከተርሙ መሀል ከገባ ለመምህሩ ቀደም ብላችሁ ንገሩ፤ ለበዓል ቀን ፈቃድ መስጠት አይከብዳቸውም።

ሚስትና ልጅ ይዞ መሄድ ይቻላል?

በእንግሊዝ ከጃንዋሪ 2024 ወዲህ ከባድ ሆኗል። በዲግሪና በተራ ማስተርስ ደረጃ የሚማር የውጭ ተማሪ፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ሚስትና ልጁን በተማሪ ቤተሰብ (ዲፔንደንት) ቪዛ መውሰድ አይችልም፤ ለዶክትሬትና ለሌላ የምርምር ዲግሪ ይፈቀዳል። አሜሪካ ቤተሰብ መውሰድ ይፈቀዳል፣ በተማሪው ቪዛ የሄደች ሚስት ግን ሥራ መሥራት አትችልም። ይህን ሳያጣሩ ቤት አከራይቶ፣ ዕቃ ሸጦ መነሣት አይገባም።

ቤተሰብ ለመውሰድ ከቻላችሁ ለልጆች ጥሩ ቦታ ነው፤ ጊቢው ውስጥ የአሥር አገር ልጅ አብሮ ይሮጣል። የሚከብደው ለሚስት ነው። ባል ክፍል ሲገባ እሷ ቋንቋ በማታውቅበት ከተማ አራት ግድግዳ መሀል ትቀራለች። ብዙ ኮሌጅ የትዳር ጓደኞች የጸሎት ቡድን አለው፣ አንዳንዱም ክፍል ገብተው እንዲያዳምጡ ይፈቅዳል። በመጀመሪያው ሳምንት ጠይቁ።

ቁርባናቸውን መቀበል አለብኝ? ትምህርታቸው ከቤተ ክርስቲያኔ ቢለይስ?

ቁርባን ግዴታ አይደለም። ቤተ ክርስቲያናችሁ የማይፈቅድ ከሆነ አትቀበሉ። በአንግሊካን ሥርዓት ሁለት እጅ ደረት ላይ አመሳቅሎ መቅረብ በረከት ብቻ እፈልጋለሁ ማለት ነው፤ ካህኑ ይጸልይላችኋል። ቦታችሁ ላይ መቀመጥም ይቻላል። ማንም አይቆጣም።

ትምህርቱን በተመለከተ፣ እዚህ የማይጠየቅ ጥያቄ እዚያ ይጠየቃል። አንድ መጽሐፍ ማን ጻፈው፣ መቼ ተጻፈ ይባላል። አብሮ የሚማረው ሰው ስለ ጋብቻ፣ ስለ ሴቶች ክህነት የተለየ አቋም ይኖረዋል። ይህ እምነቱን ያናወጠው ልጅ አለ፤ ሥር ያበጀለት ደግሞ ይበዛል። ልዩነቱን የሚያመጣው ብቻን መሆንና አለመሆን ይመስለኛል። አብሯችሁ የሚጸልይ፣ አብሯችሁ ሳህን ያጠበ ሰው ሲቃወማችሁ ትሰሙታላችሁ፣ እሱም ይሰማችኋል። እዚህ የሚያውቃችሁን አንድ ሽማግሌ ወይም የንስሐ አባትም ያዙ፤ የከነከናችሁን በየወሩ ንገሩት። ከመሄዳችሁ በፊት ደግሞ የኮሌጁን የእምነት አቋም አንብቡ፤ አብዛኛው በግልጽ ያወጣዋል።

ድምፁ ጠፍቷል፤ ምን እናድርግ?

ይህ ጥያቄ በብዛት የሚመጣው ከኅዳር እስከ ጥር ነው። ምክንያት አለው። በዲሴምበር በሰሜን እንግሊዟ ዱራም ከተማ ውስጥ ፀሐይ ከጠዋቱ 2 ሰዓት አልፎ ወጥታ ከቀኑ 9 ሰዓት ከ40 ገደማ ትጠልቃለች። ድሬ ፀሐይ ላደገ ሰው ጨለማው ራሱ ሸክም ነው፤ ብርዱ ይደረብበታል። የጽሑፍ ሥራዎች ማስረከቢያም ያኔው ነው። ድሬ ላይ የሚሸጥ ጃኬት ለዚያ አይሆንምና የክረምት ልብሱን ገንዘብ ስጡትና እዚያው ይግዛ።

በምሽት 2 ሰዓት ደውሉ። በዚያ ወቅት እንግሊዝ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነ እዚያ ከቀኑ 11 ሰዓት ነው፤ ክፍል አልቋል፣ እራት አልቀረበም። ስለ ውጤቱ አትጀምሩ። የልጆቹን ድምፅ አሰሙት፣ ደቻቱ ወንዝ ሞልቶ እንደሆነ፣ ማን እንዳገባ ንገሩት። «ደህና ነኝ» ብቻ እያለ ካሳጠረ ከቡድኑ መምህር ወይም ከቻፕሊኑ (የኮሌጁ መንፈሳዊ አገልጋይ) ጋር እንዲነጋገር ጠይቁት፤ የነሱ ሥራ ነው፣ ብዙውን ጊዜም ለሌላ አይናገሩም። ሐኪም ካስፈለገም የተማሪ ቪዛ ሲያወጣ የጤና ክፍያ ስለከፈለ በመንግሥት ጤና አገልግሎት ይታያል፤ እንደደረሰ አቅራቢያው ባለ ክሊኒክ ይመዝገብ።

ጭራሽ ስልክ ካላነሣ ለኮሌጁ ጽሕፈት ቤት ኢሜይል ጻፉ። ያለ ፈቃዱ ስለ እሱ ዝርዝር ላይነግሯችሁ ይችላሉ፤ መልእክታችሁን ግን ያደርሱለታል፣ ሰውም ልከው ያዩታል። ስለዚህ ከመሄዱ በፊት ሁለት ነገር አስደርጉት፦ በኮሌጁ ፎርም ላይ የአደጋ ጊዜ ተጠሪ ብሎ እንግሊዝኛ የሚችል አንድ የቤት ሰው ይሙላ፣ እዚያ በደረሰ በመጀመሪያው ወር ደግሞ የአንድ የኮሌጅ ጓደኛውን ስልክ ለእናቱ ይላክ።